ባደረበት ድንገተኛ ሕመም

«አባትዎ በምን ምክንያት ነው ያረፉት?» ሲል የማደንዘዣ ሐኪሙ የታማሚዋን ልጅ እናት ጠየቃት።

«ባደረበት ድንገተኛ ሕመም» ብላ አክስትየዋ ሳትጠየቅ ቀድማ መለሰች።

እናትየዋ አንጀቷ አረረ። ልጇ ቶንሲሏን ልታስወጣ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝታለች። ሐኪሙ የሚፈልገው ከቤተሰቡ በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው መኖር አለመኖሩን ማወቅ ነው። እናትየዋ ግን አባቷ ሲሞት ገና ጡት አልተወችም ነበር። አሟሟቱን የምታውቀው ይቺ የአባቷ እኅት ብቻ ናት። በየቀብሩ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፋ የምታነበው እሷው ነበረች፤ አባትም አጎትም በእሷ ብዕር የሄዱት «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም» ነው። ኧረ እንዴት ያለ ትጉህ ሕመም ነው እባካችሁ!

«እትዬ፣ ሕመሙ ስም የለውም?»

«ሐኪሙ ምን አገባው? ሙት ወቃሽ አታድርጉኝ!» አክስትየዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትዪኝ አልነበር?»

«አፍሽን ያዢ! እናትሽ ጥላሽ ስትሄድ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።»

«ብታሳድጊኝስ! የአባቴን አሟሟት የመደበቅ መብት ማን ሰጠሽ?»

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ የለም ብዬ ልያዘው» አለና ለነርሷ ምልክት ሰጣት። አልጋው ተንቀሳቀሰ።

«እማዬ፣ ርቦኛል» አለች ልጅቱ። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

አክስትየዋ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ያዘች። ነርሷ ብትገፋም አልለቀቀችም።

«እሱም እንዲሁ ነበር ያለኝ።»

«ማን?»

«አባትሽ። የተሰበረ እግሩን ሊያስተካክሉለት ሲያስገቡት። ስትወጣ ትበላለህ ብዬ ከለከልኩት። ሲያወጡት ገላው እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፤ መንጋጋው ግጥም ብሎ፣ እንደ እንጨት ደርቆ። አጎትሽም ትርፍ አንጀቱን ሊያስወጣ ገብቶ እንደዚያው ሆነ።»

ሐኪሙ አልጋውን ራሱ ወደ ኋላ ሳበው። «ይሄ በዘር የሚሄድ ይመስላል። በተለመደው መድኃኒት ብናስተኛት ኖሮ...» ቃሉን አልጨረሰውም። «ዛሬ አይሆንም። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

«ታውቂ ነበር!» አለች እናትየዋ።

«በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ያገባሽ ነበር? ይቺን እንኳ ይተዋታል ብዬ...»

«ልጄን ልትቀብሪልኝ ነበር! የእሷንም ታሪክ ጽፈሽ ጨርሰሻል? ውጪ ከፊቴ!»

አክስትየዋ አልወጣችም። ቦርሳዋን ከፍታ፣ ስትነቃ ትበላለች ብላ ያመጣችውን ሙዝ አወጣች። ሳትልጠው እንዳለ ለልጅቱ ዘረጋችላት። እናትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጅቱ ግን ርቧት ነበርና እጇን ሰደደች።