በቃል የተቀመጠ በረዶ

ቤቴል ሄልስፊር ሰፈር ወዳለው የፈንዱ ቢሮ የደረሰችው ከቀጠሮዋ አንድ ሰዓት ቀድማ ነው። ምን ታድርግ፣ ቤት ቁጭ ማለት አልቻለችም። መጠበቂያው ክፍል ገብታም ቁጭ ብድግ ስትል፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ሳትጠጣው መልሳ ስታስቀምጥ ቆየች።

የውቅያኖስ ጥበቃ ፈንዱ ለመጨረሻው ዙር የጠራው ሁለት ሰው ነው፤ የሚሰጠው ግን ለአንድ። ገንዘቡ ካመለጣት፣ በኬንያ የባሕር ዳርቻ አራት ዓመት የለፋችበት የዓሣ መራቢያ ጠባቂ አይኖረውም። በወሩ መረብ ይገባበታል።

ጓደኛዋ ሃይሚ ደግሞ ጠዋት ደውላ አስጨንቃታለች።

«ከገምጋሚዎቹ መሐል አንድ ሐበሻ አሉ አሉ። ዶክተር ዋጋዬ ይባላሉ። እንግዳ መስለው መጠበቂያ ክፍል ይቀመጡና በጨዋታ ይፈትናሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ሴት ናቸው ወንድ?»

«እኔ እንጃ! አይቻቸው አላውቅም።»

በሩ ተከፈተና አንዲት ጠና ያሉ ሐበሻ ሴት ገቡ። ግራጫ ካፖርት፣ መነጽር፣ ወፍራም ማስታወሻ ደብተር። ቤቴል የሃይሚ ወሬ ትዝ አላት።

«ኖር!» ብላ ብድግ አለች።

«ኧረ ተቀመጪ ልጄ። ለውቅያኖሱ ፈንድ ነው?»

«ጃ፣ አዎ። ይቅርታ፣ ዶክተር ነዎት?»

«ጃ» አሉ ሴትዮዋ ፈገግ ብለው። «በምን አወቅሽ?»

ያዝኳቸው! አለች ቤቴል በሆዷ። እንዳይነቃባት ስማቸውን አልጠየቀችም።

«ባሕር ከሌለው አገር መጥተሽ ከባሕር ምን አገናኘሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ዓሣው መቼ መታወቂያ ጠየቀኝ!»

ሳቁ። ስለ መራቢያው አጫወተቻቸው። ስትጨርስ፣ «መልካም፤ የፈንዱ ገንዘብ ሲያልቅስ ለጠባቂዎቹ ማን ይከፍላል?» አሏት።

ቤቴል ይቺን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

«በረዶ!» አለች። «ፈንዱ የበረዶ ማሽን ይገዛልናል። አጥማጁ በረዶ ከእኛ ይገዛል፤ ትርፉ ለጠባቂዎቹ ደመወዝ ይሆናል። የተከለከለው ቦታ መረብ የጣለ ግን በረዶ አያገኝም። በዚያ ሙቀት ዓሣው እጁ ላይ ይገማል።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶ አወጡ።

«ግሩም ነው! ማመልከቻሽ ላይ ጽፈሽዋል?»

«ኔይ፣ አልጻፍኩም። ዛሬ በቃሌ ልናገረው ነው ያስቀመጥኩት። እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ማሽኑ የት ነው የሚገኘው?»

ነገረቻቸው። ሻጩን፣ የሚተከልበትን ቦታ፣ የሚያስተዳድረውን የመንደር ማኅበር፣ ሁሉንም ዘከዘከችው። ሴትዮዋ አንድ ሳያስቀሩ ጻፉ። ምን አለፋችሁ፣ ቤቴል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

የስብሰባው ክፍል በር ተከፍቶ አንድ መላጣ ሰውዬ ብቅ አለ።

«ዶክተር ዋጋዬ እባላለሁ» አለ በአማርኛ። «ከሁለታችሁ ተወዳዳሪዎች የመጀመሪያዋ ተረኛ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ።