በንጉሡ ሥ

ዘውድነሽ ሌሊት የሚያብበውን ቁልቋሏን የምታባዛው ቅጠሉን ቆርጣ፣ ቁስሉ ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ በመትከል ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ደግሞ በየቅጠሉ ላይ የሚወስደውን ሰው ስም በመርፌ ትጭራለች።

ለልጇ ባዘጋጀችው ላይ «ምስራቅ» ብላ ጭራ ነበር። ልጅቷ ከቆሰበር ወደ ጫግኒ ለሥራ ልትሄድ ስትል አይታው ሳቀች።

«እማ፣ በእሳቱ ስ? አቃጠልሽኝ እኮ! እኔ በንጉሡ ነኝ።»

«ሂጂ ወዲያ! ስትመለሺ አስተካክዬ እጠብቅሻለሁ።»

አልተመለሰችም። ስልኳ ከጠፋ ክረምቱ አለፈ። ጫግኒ ወርደው የፈለጓት ዘመዶችም ባዶ እጃቸውን መጡ። ዘውድነሽ ማልቀሱን ትታለች፤ መርፌውንም ዳግም አላነሳችም። ቁልቋሉን ብቻ ታጠጣለች።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቷ አሲያ ቅጠል ልትለምን መጣች። የልጅቷ ጀሪካን ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«ዘውድዬ፣ ጎበዝ! አስተካከልሽው። በንጉሡ ሥ።»

ዘውድነሽ ቀርባ አየች። እሷ የጫረችው አሮጌው ቅጠል «ምስራቅ» እንዳለ ነው። አሲያ የምታነበው ከጎኑ የበቀለውን አዲሱን ነው። «ምሥራቅ» ይላል፤ ጭረቱ ሽሮ ጠባሳ ሆኗል።

«መቼ ጻፍሽው?» አለች አሲያ።

ዘውድነሽ አዲሱን ቅጠል በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ጣት የምታህል ሌላ ቅጠል ከአፈሩ ብቅ ብላለች። ገና ጫፏ ነው የወጣው፤ የሚነበበውም «እ» ብቻ ነው።

ውኃ ጨመረችላት።