ከስድስቱ አንዱ

«ይሄ ነው» እላለሁ፣ ጄሶ ባልገባው እጄ ላፕቶፑን እየጠቆምኩ። «አራተኛው። ምን ያስጠይቃል?»

«ረጋ ብለሽ እዪ እንጂ እማዬ። ማን አስቸኮለሽ?»

«አየሁት አልኩሽ። ዓይኔ ገና አልፈዘዘም።»

ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ከንፈሯን ትነክሳለች። የምትማረው የወንጀል ፍትህ ነው፣ ማስተርሷን ልትጨርስ ነው። ጥናቷ የዓይን ምስክር እንዴት እንደሚሳሳት ነው፤ ሰኞ አስተማሪዎቿ ፊት ቆማ ታቀርበዋለች። ዛሬ እኔንና ታላቅ ወንድሟን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ትለማመድብናለች። መጀመሪያ አጭር ቪዲዮ አሳየችን፤ አንድ ሰው ከሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሴትዮ ቦርሳ አንስቶ ይወጣል። ቀጥላ የስድስት ወንዶች ፎቶ ደረደረችልን። ሌባው የቱ ነው?

«እኔም አራተኛውን ነው የምለው» ይላል ወንድሟ። «ፊቱ ራሱ ይናገራል። ይፈረድበት፣ ክብርት ዳኛ!»

«ስንት ዓመት ልስጠው?»

«ከእማዬ ሌባ ጋር አንድ ላይ ቆልፊባቸውና ቁልፉን ጣይው።»

እስቃለሁ። ነገ ጠዋት እኔም ፍርድ ቤት አለኝ። ባለፈው ወር የገበያ ሕንፃው ደረጃ ላይ ቦርሳዬን ነጥቆ፣ ገፍትሮ ጥሎ እጄን የሰበረኝ ሰው ተይዟል። ፖሊስ ጣቢያ ወንዶች አሰልፈው ሲያሳዩኝ እኔው ነኝ የለየሁት። ነገ መጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ እመሰክርበታለሁ።

«ሁለታችሁም ወድቃችኋል» ትላለች ልጄ። «ሌባው ከስድስቱ ውስጥ ጭራሽ የለም።»

«ኧረ ባክሽ! ፊቱን አውቀዋለሁ እኮ!»

«ታውቂዋለሽ። አስተናጋጁ ነዋ።»

ቪዲዮውን መልሳ ትከፍትልናለች። እውነትም ጥግ ላይ አንድ አስተናጋጅ ሻይ ያቀርባል፤ ነጭ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ፎቶው ላይ ኮፍያ የለውም።

«ብዙ ሰው እሱን ነው የሚመርጠው» ትላለች። «የሌባውን ፊት ማንም በደንብ አላየውም። ፎቶ ሲደረደርልን ግን ጭንቅላታችን የሚያውቀውን ፊት ይፈልጋል። የት እንዳየው አያስታውስም፣ ማየቱን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።»

ወንድሟ ያጨበጭባል። «ሸወድሽን! ኤ ፕላስ ካልሰጡሽ እኔ ነኝ የምከሳቸው።»

እኔ አላጨበጭብም። ዓይኔ ኮፍያው ላይ ቀርቷል።

ጣቢያው ውስጥ መርማሪው «ይረጋጉ እናቴ፣ የሚያውቁት ፊት አለ?» ነበር ያለኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ዘለለ። «ይሄን ፊት አውቀዋለሁ» አልኩ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ ሊል ቃጣው። ዓይን አውጣ፣ ብዬ በሆዴ ረገምኩት።

ለካ ሰላም ሊለኝ ነው።

ያለ ኮፍያ አይቼው አላውቅማ። ጠዋት ጠዋት በዳቦ ቤቱ መስኮት የማየው ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ተበትኖበት ነው። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ትኩሱ እየወጣ ነው» ይለኛል። «ተባረክ» እለዋለሁ። ሰሞኑን መስኮቱ ላይ አንዲት ኮስታራ ሴት ናት። ያ ልጅ የት ሄደ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ማታ ማታ ግን ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ያን ሰው የእጁን ስጠው» ስል ከርሜያለሁ።

«እማዬ? ምነው፣ ላብ አጠመቀሽ?»

«የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው።»

«ማን?»

«ጣቢያ የጠቆምኩት። ኮፍያ አላደረገም ነበር። ትኩስ ዳቦ የሚያስቀምጥልኝ ልጅ ነው።»

ቀድሞ የሚናገረው ወንድሟ ነው። «እና ዳቦ የሚሸጥ ሰው አይሰርቅም ያለው ማነው? ቀን ዳቦ፣ ማታ ቦርሳ…»

«ዝም በል» ትለዋለች እህቱ፣ ሳትጮህ። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ሳነብ…» ትልና ታቆማለች። «የማላውቀውን ሰው ሁሉ ስጠይቅ አንቺን አልጠየቅኩሽም። እናቴ ነሽና ዝም ብዬ አመንኩሽ።»

«መርማሪው ጋ ውሰዱኝ።»

«ነገ ዳኛው ፊት ትናገሪዋለሽ፣ እማዬ።»

«ነገ ድረስ የት ነው የሚያድረው? ዛሬ ውሰዱኝ። በኔ የተነሳ አንዲት ሌሊት አትጨመርበት።»

«ሴትዮዋ ጃጀች፣ ዘባረቀች ቢሉሽስ?» ይላል ወንድ ልጄ።

«ይበሉኝ።»

ትንሽ ያየኛል። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ይወጣል፤ ሞተሩ ሲነሳ እንሰማለን። ልጄ ልትደግፈኝ ትጎነበሳለች። ክንዷን ይዤ አስቆማታለሁ።

«መጀመሪያ አንቺ ጠይቂኝ። እንደ ትምህርትሽ። ምንም እንዳታግዢኝ።»

ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ትላለች።

«ቦርሳሽን የነጠቀሽን ሰው… ምኑን አየሽው?»

ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወለሉ ላይ ወድቄያለሁ፣ ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ ነው፣ የሰው እግር እየተራመደኝ ያልፋል። ከታች አንድ ግራጫ ጃኬት ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል። ዞር እስኪል እጠብቃለሁ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አይዞርም።