የጋሽ ገዱ ቅርጫ

ጋሽ ገዱ በጎልማሳነታቸው የጻፉት የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም አርጅቶ ነበር። ሶልያና ከደባርቅ፣ ይግዛው ከዳባት ሆነው በአዲስ ሊተኩት ተነሡ፤ አሮጌውንም ኢንተርኔት ላይ ለማንም ከፍተው፣ ድርሻውን የወሰደ ሁሉ በአዲስ ጽፎ አሮጌውን እንዲሰርዝ፣ እንደ ቅርጫ በሬ በየብልቱ አከፋፈሉት።

ሶልያና ድርሻዋን ስትሰርዝ፣ አጠገቧ የተቀመጡት የጋሽ ገዱ አውራ ጣት ተቆርጦ ወደቀ። በነጠላዋ እያሰረችላቸው ሳለ ይግዛው ደወለ።

«የኔንም ሰረዝኩት» አለ። የሽማግሌው ጆሮ ትከሻቸው ላይ ወረደ።

«በርቱ እንጂ፤ ገና ስንት ብልት አለኝ» አሉ ጋሽ ገዱ፣ ደሙን በጋቢያቸው እየጠረጉ።

«ይግዛው፣ ተው፤ ጋሽ ገዱ እየተቆረጡ ነው» አለች።

«እኔማ ተውኩ። ሥራው ክፍት ነው እንጂ፤ የማናውቀው ሰው ሁሉ ድርሻውን እያነሣ ነው።»

«ዝጋው።»

«እየዘጋሁት ነው። ልቡን የወሰደው ግን ሰርዞ ጨርሷል።»

ጋቢው ደረታቸው ላይ ወደ ውስጥ ሰረጎደ።