የሰማይ ዘበኛ

ድሮኑ ከባሮ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ወደ ውኃው ያቀናል። ንብረትነቱ የአብዱልባሲጥ ነው፤ ኒውላንድ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤቱ ግማሹን ዕቃ ሸጦ የገዛው። የሚያበረው ግን ኦሞት ነው።

ለሥልጠናው አዲስ አበባ አብረው ነበር የሄዱት። ሃያ ዓመት ካሜራ የያዘው አብዱልባሲጥ ወደቀ። ከፑኝዶ የመጣው፣ አማርኛው ገና የሚሰባበረው ኦሞት አለፈ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር። አሁን ፈቃዱ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ያለ ፈቃድ ለንግድ ማብረር ክልክል ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ሰማይ ይጠብቃል። የአብራሪው ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው፤ ወፍ ቢመጣ፣ ሰው ከሥር ቢገባ የሚናገረው ሰማይ ጠባቂው ነው።

ጠዋት ጎረቤቱ ከይሪያ ሱቋን ስትከፍት ሰደርያውን አይታ፣ «በገዛ ዕቃህ ዘበኛ ተቀጠርክ?» ብላው ነበር። ስቆ አለፈ። ቃሏ ግን እስካሁን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ አለ።

ጎርፍ የሸረሸረውን ዳርቻ በፎቶ የሚያስነሣው ድርጅት ባልደረባ ኛጋች ከኦሞት ጎን ቆማለች። የምትጠይቀው እሱን ነው፤ «ካፒቴን» ትለዋለች። ሰደርያ የለበሰው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ ሰማይ ሰላም?» ይላል ኦሞት። በየደቂቃው ይጠይቃል፤ ደንቡ ነው።

«ሰላም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከማንጎው ዛፍ ላይ ጭልፊት ይነሣል።

አብዱልባሲጥ ያየዋል። ወፉ አንዴ ይዞራል፤ ከድሮኑ በላይ ወጥቶ ክንፉን ይዘረጋል። መናገር አንድ ቃል ነው። አይናገርም። ቢሰበር የሚሰበረው የራሱ ጥሪት እንደሆነ ያውቃል። የአደጋው ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ስም ግን የኦሞት ነው። ያ ካርድ ከዚያ አንገት ሲወርድ ይታየዋል። ዕቃው ይሂድ፣ ይላል በልቡ። ይሂድ።

ጭልፊቱ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወራል።

ከሥር ከሸምበቆው መሐል አንዲት ሴት ጀሪካን ተሸክማ ብቅ ትላለች። የድሮኑን ድምፅ ሰምታ ትቆማለች፤ ጀሪካኑን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ላይ ታያለች።

«ወደ ውኃው! ወደ ውኃው ውረድ፣ ሰው አለ!»

የኦሞት አውራ ጣት ወዲያው ይታዘዛል። ጭልፊቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ስቶት ያልፋል። ድሮኑ ውኃውን ሊነካ ደርሶ ይንገዳገዳል፣ ይረጋል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሴትዮዋ መንገዷን ትቀጥላለች።

ድሮኑ ካረፈ በኋላ ኦሞት መሬት ላይ ይቀመጣል። ጋሼ ባይኖር ዛሬ ሰው ላይ ወድቆ ነበር ይላል ለኛጋች። እሷም ዘወር ብላ የአብዱልባሲጥን ስም ትጠይቃለች። ይነግራታል። ስሙ አፉ ውስጥ ይከብደዋል።

ኦሞት የበረራ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል።

«ጋሼ፣ ወፉን መቼ አየህ?»

አብዱልባሲጥ ወንዙን ያያል።

«ስጮህ» ይላል። «ያን ጊዜ ነው ያየሁት።»

ኦሞት ይጽፋል። አያመነታም፤ መልሶም አይጠይቅም። ለምስክሩ ፊርማ መስመር አስምሮ ብዕሩን ያቀብለዋል።

አብዱልባሲጥ ይቀበላል። ብዕሩ በኦሞት መዳፍ ላብ ርሷል።