የድንጉላው ገመድ

የሳይቤሪያ ተወላጅ የሆነው ያኩቱ ጎረቤት ድንጉላውን ሊያኮላሽ ቢላዋውን ሲመዝ፣ ገመዱን የያዘው ግዞተኛው ሉክያን ፊቱን አዞረ።

«ምነው ሽማግሌው? እናንተ ለጽድቅ ብላችሁ ራሳችሁን ሰልባችሁ አይደል ሳይቤሪያ የተጋዛችሁት? አሁን ለፈረስ አዘንክ?» አለው እየሳቀ።

ፈረሱ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ፣ ትኩስ ትንፋሹን ሉክያን አንገት ላይ እየተነፈሰ አምኖት ቆሞ ነበር። ሉክያን ገመዱን ለቀቀለት። ድንጉላው ጭቃ እየረጨ ወደ ሜዳው ጋለበ።

ኡስቲንያ አጥሩን ተደግፋ ታይ ነበር። ሚስቱ ነበረች፤ እሱ ከተሰለበ፣ የእሷም ጡቶች ከተቆረጡ ወዲህ ግን በእምነታቸው ደንብ እህትና ወንድም ሆነዋል። ቀስ ብላ መጥታ ገመዱ የላጠውን መዳፉን በነጭ መሀረቧ ጠቀለለችለት።

«ደግ አደረግክ፣ ወንድሜ» አለችው ቀና ሳትል። «እኔን ግን ያን ቀን አጥብቀህ ነበር የያዝከኝ።»