ሁለት ቁና ዘር

ዛኪር ጆንያውን ሲፈታ እጁ ቀጥ አለ። እስከ ጉልበቱ ይደርስ የነበረው ዘር ከስንዝር አይበልጥም።

ሁለት ቁና ማሽላ ነበር፤ ከቀበሌው የዘር ማኅበር በብድር የወሰደው። ምርቱን ሲያፍስ ሁለት ተኩል ይመልሳል። ማንም ተርቦ እንዳይበላው፣ ዝናብ ሲጥል ማኅበሩ በየቤቱ እየዞረ ይሰፍራል። የጎደለበት ሰው የቀረውን አስረክቦ ይወጣል፤ መሬቱም ጦሙን ያድራል።

ትናንት በሐራ በኩል ደመናው ጠቁሮ ነበር።

«ሀጂራ፣ ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሚስቱ። ትንሿ ልጃቸውን ሉብናን ገንፎ እያጎረሰች ነበር፤ ቀና አላለችም። ሉብና ከወር በፊት መቆም አቅቷት ነበር። አሁን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጉንጯ ሞልቷል።

ዛኪር ወርቁን ጠረጠረ። ጎረቤቱ ወርቁ አምና ክረምት ሴት ልጁን ከቀበረ ወዲህ ከሰው አይገጥምም። ዛኪርን ባገኘው ቁጥር ግን «ሉብና በላች?» ይላል። በቀደም ደግሞ «የመንደሩ ጎታ ሁሉ ተሟጦ የናንተ ቤት ጭስ አይጠፋም» አለው። የሰው ጭስ መቁጠር ምን የሚሉት ነው? እሱም እንደ ዛኪር ሁለት ቁና ተበድሯል። ምን አነሰው?

የለመደ ሌባ ለቀረችውም ይመለሳል። ዛኪር ጆንያውን አሰረ፣ ዙሪያውን አመድ ነሰነሰና ለቀን ሥራ መርሳ ከተማ ወረደ።

ከሰዓት ሲመለስ ቤቱ ሰው አልነበረም፤ ሀጂራ ልጇን አዝላ ውሃ ወርዳለች። አመዱ ላይ የላስቲክ ጫማ ዱካ አለ፤ ሲገባ የጠለቀ፣ ሲወጣ የሳሳ። የግራው ተረከዝ ተቆርጧል። የወርቁ ነው። ጆንያውን ሳይነካ ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ወርቁ ደጁ ላይ ሞፈር ይጠርባል።

«ቤቴ ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ።»

«ምን ልትሠራ?»

ወርቁ መጥረቡን ቀጠለ።

«ያንተዋ ብትሞት የኔን በረሃብ ልትገድል ነው?»

ወርቁ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

ጩኸቱን ሰምቶ መንደሩ ተሰበሰበ። ዝናቡም ማካፋት ጀመረ። የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ አበበች ቁናቸውን ይዘው መጡ።

«በሉ፣ ዘንቧል። መስፈራችን ላይቀር ያንተን እንስፈር፣ ከዚያ የሱን» ብለው ወደ ዛኪር ቤት ገቡ።

ሀጂራ ተመልሳ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ጆንያው ሲፈታ ድስቱን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው።

አንድ። ሁለት። ሁለተኛው ቁና ግጥም አለ። ጆንያው ግን ገና አላለቀም። እትዬ አበበች የቀረውን ሰፈሩት፤ ግማሽ ቁና።

«አንተ፣ ይሄ ትርፍ ከየት መጣ?» አሉ።

ዛኪር ሀጂራን አየ። ሀጂራ መሬት መሬት ታያለች።

ወደ ወርቁ ቤት ተሻገሩ። ጆንያውን ከቆጡ አውርደው ገለበጡት።

አንዲት ፍሬ አልወደቀችም።